የዳለቻ ላብ

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ማረፊያዬ የተሳፈርኩባት ባጃጅ የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና የተቸገርኩ መሰለው።

«አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ ላብ ናት። ሌላ ነገር የለባትም» አለኝ።

አልተቸገርኩም። ያንን ቃል፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሽታ ውስጥ፣ ከአባቴ አፍ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። ከባጃጇ ስወርድ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ከነሽታው መጥቶ አብሮኝ ወረደ።

አባቴ ተገኘ ሹፌር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር፤ እኛ ግን ያንን አናውቅም። ጣሊያን ጥሏቸው ከሄዳቸው መኪናዎች አንዱ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ አባቴ ዘንድ ደርሷል። ቀለሙ አመድማ ስለሆነ ስሙን ዳለቻ አልነው። የበሬ ስም ነው። አባቴ የገበሬ ልጅ በመሆኑ ስም የሌለው ነገር መንዳት አይሆንለትም ነበር። በበጋ ከደብረ ኤልያስ ገበያ ጤፍና ኑግ ጭኖ ወደ ማርቆስ ያመጣል። ክረምት ሲገባ የመንገዱ ዋልካ ጎማ ስለሚውጥ ዳለቻ እስከ መስከረም ቤታችን አጠገብ ይቆማል።

ዳለቻ ዘይት ያፈስ ነበር። የሚያፈሰው በዲስትሪቡተሩ በኩል ነው። ዲስትሪቡተር ከሞተሩ ጎን ተተክሎ ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳቱን በየተራ የሚያድል ዕቃ ነው፤ ጥቁር ቆብ አለው፣ ከቆቡ ላይ ወፋፍራም ሽቦዎች ይወጣሉ። የኛው ውስጡ ተበልቶ ስለነበር የሞተሩ ዘይት በእሱ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ገሚሱ በውጭ ወርዶ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ይጨሳል። ገሚሱ ቆቡ ውስጥ ገብቶ እሳቱን ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ዳለቻ የትም ይሁን የት ቀጥ ይላል። አባቴ ይወርድና ቆቡን ከፍቶ በጨርቅ ይጠርገዋል፤ እንደገና ይነሣሉ። ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው።

«ትንሽ ላብ ነው።»

እኔም አመንኩት። በሬ ሲያርስ እንደሚያልበው ዳለቻም ጭነት ሲበዛበት የሚያልበው መስሎኝ ዳገት ላይ ያሳዝነኝ ነበር።

እናቴ የሻረግ ግን ላቡን የምታውቀው በሌላ በኩል ነው። የአባቴን ካኪ በእንዶድ ስታሽ ትውላለች፤ ነጠብጣቡ ይሰፋ እንደሆነ እንጂ አይለቅም። ልብሱን ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ «ባል ያገባሁ መስሎኝ ኩራዝ አገባሁ» ትል ነበር። ይህን ስትል ትስቅ ነበር። ያኔ ገና ትስቃለች።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርፈው ነበር። ተዝካራቸው ከፋሲካ በኋላ በቀያቸው በደብረ ኤልያስ ሊወጣ ተቆረጠ። እናቴ ከጾሙ መግቢያ ጀምራ፣ «ይህን ነገር አሠራው፤ መንገድ ላይ ጉድ እንዳያደርገን» ስትል ከረመች። አባቴ «ይደርሳል» አለ። ሰይድ የሚባል መካኒክ ወዳጁም ዕቃው ካልተለወጠ እንደማይድን ነግሮት ነበር፤ ለእሱም «ይደርሳል» አለው።

የሄድን ዕለት እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጧፉን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። እኔ መሃል ተቀምጫለሁ። ከተማውን ለቀን ብዙም ሳንሄድ ዳለቻ ቆመ። አባቴ ጠረገውና ተነሣን። ደግሞ ቆመ። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር መቆሙ እየበዛ ሄደ። አንዱ ጋ ጨርቁ ራሱ በዘይት ስለራሰ አባቴ ሌላ ጨርቅ ሲፈልግ እናቴ ወርዳ ቆቡን ያዘችለት። ዘይቱ በክንዷ ላይ ወርዶ ቀሚሷ ደረት ላይ አረፈ። አየችው።

ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ፣ ካህናቱ ቀምሰው ሄደዋል። ዳሱ ውስጥ ውሾች አጥንት ይጎትታሉ። ወንድ አያቴ ብቻቸውን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ ጧፉን እግራቸው ሥር አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ የምትጮህ መስሎት ጠበቀ፤ አልጮኸችም።

በማግሥቱ አባቴ ልንሄድ ነው ሲል እኔን ወደ መኪናው መራችኝ እንጂ እሷ ከግቢው በር አላለፈችም።

«ልጅቷን ውሰድ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» አለችው።

«አንቺስ?»

«እኔ የእናቴን ተዝካር ያላየሁ ሰው ነኝ። እዚሁ ልቀመጥ።»

«የሻረግ፣ ብረት ነው እኮ። ትንሽ ላብ...»

«እንግዲያው ላቡ የደረቀ ቀን ጥራኝ» አለችና በሩን ዘጋችው።

አሁን ሳስበው፣ አህያ ቀንድ ያበቀለች ቀን እንደማለት ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቀን እንዳለ፣ መቼ እንደሆነ ብቻ እንዳልነገረችን አድርጌ ያዝኩት። የሚገርመው አባቴም እንደኔው ነበር የያዘው።

ቤቱን ልትይዝልን የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ትሁኔ፣ መጣች። ወገቧን የሚያማት፣ ቅልጥፍ ያለች ሴት ናት። እጇ ከምላሷ አይፈጥንም ነበር። ፀጉሬን ስትሠራ ዓይኔ እስኪወጠር ታጠብቀዋለች።

እኔ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የቆርቆሮ ክዳን ዳለቻ ሆድ ሥር አደርጋለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ተንበርክኬ አያለሁ። ክዳኑ ላይ ሁልጊዜ ጥቁርና የሚያበራ ነገር ተጠራቅሞ አገኛለሁ። አመድ ነሰነስኩበት። በእፍያው እያራገብኩ ሞተሩን በውጭ በኩል ላደርቀው ሞከርኩ። አክስቴ አንድ ቀን ደርሳብኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላቡን እያደረቅሁ።»

«ከአባትሽስ አንቺ ትሻያለሽ» ብላ ገባች።

የነፍስ አባታችን አባ ዘለቀ የዚያን ሰሞን ቤታችን ይመላለሱ ነበር። በኛ አገር የተኮረፈ ባል ሚስቱን የሚያስመልሰው ሽማግሌ ልኮ ነው። አባቴ ግን ሽማግሌ አይልክም።

«በቅሎዬ ሥራ ፈታ ቆማለች» አሉት አባ፤ «ነገ በማለዳ ብነሣ እደርሳለሁ። አንተ ከኋላ ትከተላለህ።»

«አባ፣ እሷ ሽማግሌ ላክ መች አለች? ላቡ ሲደርቅ ጥራኝ ነው ያለች።»

«ተናዳ ነዋ።»

«ተናዳም ቢሆን ቃል ነው። ሳላደርቀው ብሄድ አሁንም ይደርሳል እያልኩ አይደለም?»

አክስቴ ከጓዳ ሆና፣ «ምላሷን ያዘ እንጂ ልቧን መች ያዘ» አለች። ከዚያ ብቅ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ተገኘ። ክረምቱን አባቷ ቤት የከረመች ሚስት ለመስቀል ትመጣለች ብለህ አትጠብቅ። መንገድ ሲዘጋ ልብም ይዘጋል።»

አባቴ ጨርቁን አንሥቶ ወደ ዳለቻ ወጣ። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ደመና ማየት ጀመርኩ። ከምዕራብ በኩል ትንሽ ጠቆር ካለ የምሳ እህሌ አይወርድልኝም። መምህራችን ስለ ዝናብ ጥቅም ሲያስተምሩ እጄን አላወጣሁም።

ሰይድ የመጣው የሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ሱቁ ከገበያው አጠገብ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ነው የወደደ። በእጅ የተሠራች ነጭ ቆብ ያደርጋል። እጁ እንደዚያ ጠቁሮ ቆቡ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል አክስቴ ዘወትር ትደነቅ ነበር። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አጎንብሶ አየ።

«ተገኘ፣ ይህ ላብ አይደለም። ይህ ተቅማጥ ነው» አለ።

ቆቡን ከነሽቦዎቹ ሲያነሣው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰው ልብ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከላይ ደም ሥሮች ይወጡለታል። ልክ ያንን መሰለኝ። ዳለቻን ሊገድሉት ነው ብዬ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ከቆቡ ሥር አንዲት ትንሽ ክንድ አለች፤ በዘይት ረጥባ ታበራለች። ሰይድ በጣቱ አሳየው።

«ይህችን እያት። ሞተሩ ሲዞር አብራ እየዞረች ለእያንዳንዱ ካንዴላ እሳቱን የምታደርስ እሷ ናት። አሁን የቆመችበትን ማወቅ አለብን። አዲሱን ስናስገባ አፍንጫዋ እዚያው ማየት አለበት። ካልሆነ እሳቱ ያለ ተራው ይደርስና ሞተሩ ያብዳል።»

«ጠመኔ ላምጣ?» አለ አባቴ።

«ጠመኔ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዘይት ይበላዋል።» ሰይድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በክንዷ አቅጣጫ አሻግሮ አየ። ከቤታችን ጣሪያ በላይ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ይታያሉ። «ይኸውልህ፣ ልክ ወደ ማርቆስ ታያለች። ማርቆስ ደግሞ ከቦታው አይነሣም።»

አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ተሳለመ። አደራ የሰጠ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ክንዷ የምትጸልይ መሰለኝ። ሰይድ ሲሄድ፣ «አባዬ፣ የሰይድ መኪና ውስጥ ያለችው ወደ መስጊድ ነው የምታይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም በይ አለኝ፤ ግን ከንፈሩ ሊስቅ ሲል አይቻለሁ። እናቴ ከቀረች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ ያለ ዕቃ ማርቆስ ከተማ አይገኝም። አባቴና ሰይድ አሮጌውን ለማመሳከሪያ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዱ። ዳለቻ ልቡ ወጥቶ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ከወይራው ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ።

እዚያ በቆመ በጥቂት ቀን የግንቦት ልደታ ደረሰች። ልደታ የምትከበረው በደጅ ነው፤ ጣሪያ ሥር አይበላም። የመንደራችን ሰው ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ንፍሮውን የሚበላው ከዚያ ወይራ ሥር ነው። የኔ እኩያ ልጆች ሁሉ የተወለዱ ጊዜ እናቶቻቸው እዚያ ምስጋና አድርሰዋል። አሁን ቦታውን ዳለቻ ይዞታል።

«ልደታን ለመኪና ብለን ቦታ አንለውጥም» አለች አክስቴ።

ወንዱም ሴቱም ተሰብስቦ ገፋው። ቦታው ወደ መንገዱ ስለሚያዘቀዝቅ ዳለቻ ከተነቃነቀ በኋላ በራሱ ሄደ፤ መሪውን የያዘው ጎረቤታችን እንደ ምንም አዙሮ አቆመው። ቂጡ ወደ ቤታችን፣ ፊቱ ወደ መንገዱ ሆነ። ሰዎቹ እየሳቁ ተመለሱ። ንፍሮው ተበላ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከጎረቤት ሴቶች መሃል የእናቴን ቦታ ፈለግሁት። የለም፤ ተጠጋግተው ሞልተውታል።

አባቴ ሲመለስ ዳለቻ መዞሩን ገና ከሩቅ አየ። ተቆጣ ስል ደስ አለው።

«አያችሁ? ፊቱን ወደ ደብረ ኤልያስ አዙሯል። ዳለቻም መሄድ ፈልጓል» አለ።

ያገኙት ዕቃ አዲስ አልነበረም፤ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ነው። ውስጡ ግን ያልተበላ፣ በእጅ ሲያዞሩት የማይወላገድ ነበር። ሰይድ አንገቱ ላይ አዲስ የጎማ ቀለበት አጠለቀለት፤ ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት ብሎ አሳየኝ። ቀና ብሎ ማርቆስን ፈለገ፣ አገኘው፤ የክንዷን አፍንጫ ወደዚያ አድርጎ ዕቃውን ወደ ሞተሩ አስገባ። ሽቦዎቹን መለሰ። አባቴ ማኑቬላውን፣ ከፊት ገብቶ ሞተሩን በእጅ የሚያስነሣውን ብረት፣ ይዞ አማተበ። አዞረው።

ዳለቻ እንደ መድፍ ጮኸ፤ በአፉ በኩል እሳት ተፋ። ዶሮዎች ተበተኑ። አክስቴ «በስመ አብ» ብላ ተቀመጠች። አባቴ እጁን ማኑቬላው መትቶት አንጓው ያብጥ ጀመር።

ያን ከሰዓት ደጋግመው ሞከሩ፤ በማግሥቱም ሞከሩ። ሰይድ ካንዴላዎቹን አውጥቶ አጠበ፤ ሽቦዎቹን መረመረ፤ ያመጡትን ዕቃ ነቅሎ አየና መልሶ እዚያው አደረገው። የሞተሩ ክዳን ሥር እንዳጎነበሰ ቀልዱን ተወ። ሲተው ነገሩ የባሰ መሆኑ ገባኝ። ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓድ ማጉረምረም ጀመረ። የደብረ ኤልያስ መንገድ አንድ ሁለት ዝናብ ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይችልም።

አባቴ የዳለቻ መወጣጫ ላይ ተቀምጦ ያበጠ እጁን ጉልበቱ መሃል አደረገ። ወደ ማንም ሳያይ፣ በስሜ ጠርቶ፣ «ስመኝ፣ ሂጂና አባን ጥሪልኝ። በበቅሎ ይሂዱ። እኔም በእግሬ እከተላለሁ» አለ።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ላቡ ሳይደርቅ ከሄዱ እናቴ የምትቆጣ መሰለኝ። አክስቴ ወገቧን ይዛ ከተቀመጠችበት እየተነሣች ነበር።

«እሰይ። ይህን ቀድሞ ቢለው ምን ነበረበት? ይህን ጉድ ለልደታ ስናዞር የተቀጨ ወገቤ እስከ ዛሬ አልቀናልኝም። ቢሠራም ጣጣ፣ ባይሠራም ጣጣ።»

ሰይድ ከክዳኑ ሥር ብቅ አለ።

«ምን አሉ እትዬ ትሁኔ?»

«ወገቤን ነዋ።»

«ወገቡን ይተዉት። ስናዞር ነው ያሉት?»

«አዞርነዋ። ፊቱ ወደ ቤት አልነበር? ታዲያ በራሱ የዞረ መሰለህ?»

ሰይድ ማርቆስን አየ። ዳለቻን አየ። ቤታችንን አየ። ነጯን ቆብ በዚያ ጥቁር እጁ ከራሱ ላይ አወለቃትና ፊቱን ሸፈነባት። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲነቃነቅ ሳቅ መሆኑን አወቅሁ።

«ተገኘ» አለ፤ «ቤተ ክርስቲያኑስ አልሄደም። መኪናው ነው የሄደ።»

አባቴ ትንሽ ቆይቶ ገባው። «ፊቱን ወደ ደብረ ኤልያስ አዙሯል» ብሎ የተደሰተው እሱ ራሱ ነበርና አንገቱን ደፋ። ዳለቻ ሲዞር ሞተሩም አብሮ ዞሯል፤ እነሱ ግን የክንዷን አፍንጫ እንደ ድሮው ወደ ማርቆስ አድርገው እሳቱን ሁሉ በተቃራኒው ሲልኩ ውለዋል። ሰይድ ዕቃውን ነቀለው፤ ክንዷን ለማርቆስ ጀርባ አሰጥቶ መልሶ ተከለው። አባቴ በደህናው እጁ ማኑቬላውን አዞረ። ዳለቻ አንድ ጊዜ አሳለና ተነሣ። እንደ ድሮው የሚንተፋተፍ አልነበረም፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ የተካከለ ነበር። ሰይድ ነጭ ቆቡን ራሱ ላይ መልሶ አደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆቡ በአንድ በኩል የጣት ምልክት ነበረበት።

ቆርቆሮዬን ሥሩ አደረግሁ። ጠዋት ሳየው አመዱ ብቻ ነበር። ለማንም ሳልናገር ይዤው ገብቼ የአባቴ ቁርስ አጠገብ አስቀመጥኩት። አገላብጦ አየውና ሄዶ አባን ጠራ።

አባ ዘለቀ መኪና አይወዱም፤ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ሄዱ። ደመናው ከኋላችን ይመጣ ነበር። ዳለቻ አንድም ቦታ አልቆመም። እናቴ ቀሚሷን ያበላሸችበት ቦታ ስንደርስ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።

አያቴ ግቢ በር ላይ አባ ወርደው ቆሙ። ሥርዓቱን ያውቁታል።

«በል ድንጋይ አንሣና ተከተለኝ» አሉ። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። አባቴ መሬቱን አየ፤ ድንጋይ ሞልቷል። ግን ወደ መኪናው ተመለሰና ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን አሮጌ ዲስትሪቡተር አወጣ። ፈታው። ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።

አያቴ ከአግዳሚው ሳይነሡ አዩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«እኔ ድንጋይ ነበር ያልኩት» አሉ አባ፤ ግራ ተጋብተው።

አባቴ ቀና ሳይል ተናገረ። «አባቴ፣ ከድንጋይ ይህ ይከብደኛል። ልጅዎን ከእናቷ ተዝካር ያስቀራት ይህ ነው። እሱ እንኳ ብረት ነው። እኔ ነኝ። ጾሙን ሙሉ አሠራው እያለችኝ ላብ ነው እያልኩ።»

ከአሮጌው ብረት ውስጥ የቀረች ዘይት በአባቴ አንገት ላይ ቀስ ብላ ስትወርድ አየኋት። ለዚያ ቀን ብሎ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ጋ ደረሰች።

ከቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«አባቴ፣ በሉ ያውርደው። ያ ኮሌታ በእንዶድም አይለቅም።»

አያቴ እጃቸውን አነሡ። አባ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። አባቴ ብረቱን አውርዶ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

እናቴ ወጥታ መጀመሪያ እኔን ጠራችኝ። ራሴን ወደ ሆዷ አስጠግታ ፀጉሬን በጣቷ ዳሰሰች።

«ማነው የሠራሽ?»

«እትዬ ትሁኔ።»

«አጥብቃብሻለች» አለችና በጆሮዬ አጠገብ ያሉትን አንድ በአንድ ትፈታቸው ጀመር።

እዚያው አደርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ከሣጥኗ የታጠበ ነጭ ነጠላ አውጥታ ወደ ዳለቻ ስትሄድ ሰው ሁሉ አያት። ተንበርክካ ነጠላውን ከሞተሩ ሥር ሣሩ ላይ ዘረጋችው፤ ንፋስ እንዳይወስደው በየማዕዘኑ ድንጋይ አስቀመጠች። አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። «መንገዱ ሸካራ ነው፤ ቀለበቷም...» ብሎ ጀመረና ተወው። እናቴ እጇን አራግፋ ገባች።

ጠዋት እኔ ስነቃ እሷ ቀድማኝ ወጥታለች። አያቴ፣ አባ ዘለቀ፣ አባቴ ራቅ ብለው ቆመዋል። አባቴ ትናንትና ያንን ኮሌታ ለማጠብ ሞክሮ የባሰ አስፍቶታል። እናቴ ድንጋዮቹን አነሣች፤ ነጠላውን በሁለት ጫፉ ይዛ ፊቷ ላይ ዘርግታ አየችው። እኛ የምናየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ከዚያ ጫፍ ከጫፍ አገናኘችና ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው፤ ትንሽ እስኪሆን ድረስ።

«እህስ፣ የሻረግ?» አሉ አባ።

«ደርቋል» አለች።

አባቴ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማኝ። አያቴ መረቋቸው። አባ ዘለቀ ጠበል ሊቀምሱ ከአያቴ ዘንድ ቀሩ፤ ከመኪናው የሰው በቅሎ ይሻለኛል አሉ። እኛ ዝናቡ ሳይቀድመን ተነሣን።

እኔ መሃል ነበርኩ። የታጠፈው ነጠላ፣ በፊት ጧፉ እንደነበረው፣ የእናቴ ጭን ላይ ነበር። ዳለቻ ሲያንገራግጨን እጄን ለመደገፍ ነጠላው ላይ አሳረፍኩ፤ ጣቶቼም ሳላስበው በእጥፋቱ መሃል ገቡ። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ የአንድ ሣንቲም ስፋት የምታህል፣ ለስላሳና እርጥብ ነገር ነካሁ። እጄን አወጣሁ። ጣቴ ጠቁሯል። አሸተትኩት፤ ያው ሽታ ነው። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት።

እናቴ ጣቴን ያዘች። በነጠላው ንጹሕ ጫፍ ጠረገችው፤ እጄንም እዚያው ጭኗ ላይ በእጇ ውስጥ አስቀረችው።

«ምን ሆነች?» አለ አባቴ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ምንም አልሆነች» አለች እናቴ። «ትንሽ ላብ ነው።»